የመብራት ቢሉን የያዘው ማነው?

የፋብሪካ ጓዳ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ከጻፍኩ በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ፋብሪካ የኃይል ብክነቱን እንዲቀንስ መንግሥት ምን ያግዛል? ሦስቱን መርጫለሁ። ለማያውቁኝ፣ አሜሪካ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ዕድሜዬን በፋብሪካ ጥገና ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። እንፋሎት በሚመረትበት ቦይለር ቤት ነው የሸበትኩት።

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሜሪላንድ ውስጥ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቅና ለሬስቶራንት አከፋፍላለሁ። 24 የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። የመብራት ቢሉ ወገቤን ቆረጠው። አንድ የማውቀው ልጅ «መንግሥት ፋብሪካ በነፃ የሚያስመረምርበት ፕሮግራም አለ፣ ተመዝገቢ» አለኝ። እውነት ነው? የእኔስ ቤት ፋብሪካ ይባላል?
እንጀራ ጋጋሪዋ

መልስ፦
ልጁ አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረዎት። ፕሮግራሙ ለረጅም ዓመታት «ኢንዱስትሪያል አሰስመንት ሴንተርስ» ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረ ነው። የፌዴራሉ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ ሲሰጥ ኖሯል፤ ፕሮፌሰሮችና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ደግሞ አነስተኛና መካከለኛ ፋብሪካዎችን እየዞሩ ይመረምራሉ። ፋብሪካው አምስት ሳንቲም አይከፍልም።

የእርስዎ ቤት ፋብሪካ ነው ወይ ላሉት፣ አዎ ነው። ዳቦ ቤትም እንጀራ ቤትም ምግብ አምራች ተብሎ ይመዘገባል። ችግሩ ሌላ ነው። ለዓመታት የቆየው መስፈርት የፋብሪካው ዓመታዊ የኢነርጂ ወጪ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ እንዲሆን ይጠይቃል። በ24 ምጣድ፣ በአንድ ፈረቃ ብቻ እየጋገሩ፣ በእኔ ግምት የእርስዎ ወጪ የዚህን ሩብ ቢደርስ ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል ቀንዎን አያቃጥሉ።

ይልቅ ቢልዎን አውጥተው በደንብ ያንብቡት። ሜሪላንድ ውስጥ «ኤምፓወር ሜሪላንድ» የሚል ክፍያ ያገኛሉ። በ2008 የክልሉ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ነው። የመብራት ኩባንያዎች ከደንበኛው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይሰበስቡና ገንዘቡን ኃይል ለሚቆጥቡ ደንበኞች መልሰው ይደጉማሉ። ለቤት አለው፣ ለሱቅ አለው፣ ለፋብሪካ አለው። እርስዎ ለዚህ ፕሮግራም በየወሩ ሲከፍሉ ኖረዋል ማለት ነው። እንግዲህ ሄደው ድርሻዎን መጠየቅ ነው። ለመብራት ኩባንያው ደውለው የአነስተኛ ንግድ ፕሮግራም ክፍሉን ያገናኙኝ ይበሉ። መጀመሪያ የሚያወሩልዎት ስለ አምፖል ነው። እሱንም ይቀበሉ። ግን በዚያ ብቻ እንዳያሰናብቱዎት፣ ስለ ማራገቢያውና ስለ ማቀዝቀዣ ክፍሉም ይጠይቁ።

አሁን ማንም ሳይመጣ ዛሬ ማታ ሊያደርጉት ስለሚችሉት ልንገርዎ። የቢዝነስ ቢል ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ያስከፍላል። አንዱ የተጠቀሙት የኃይል መጠን ነው፤ በኪሎዋት ሰዓት ይቆጠራል። ሁለተኛው «ዲማንድ» የሚሉት ነው። በወሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከፍተኛውን ኃይል የሳቡበት ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ተይዞ ለወሩ ሙሉ ያስከፍላል። አንድ ቀን ጠዋት ብቻ ሆኖ እንኳ ይያዛል።

እርስዎ ቤት ያ ጠዋት የትኛው እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሠራተኛዋ ትገባለች፤ ሃያ አራቱንም ምጣድ አንድ ላይ ትሰካለች። ምጣድ በያንዳንዱ 3 ኪሎዋት ተኩል ቢስብ 84 ኪሎዋት ነው። ሁሉም ቀዝቃዛ ስለሆነ አንዱም ሳያርፍ ይስባል። ከጋለ በኋላ ግን ቴርሞስታቱ ቆረጥ ቀጠል ስለሚያደርገው ድምሩ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ስምንት ስምንት እያደረጉ ያሙቁ። የመጀመሪያው ስምንት ሲግል ሁለተኛው ይሰካ፣ ከዚያ ሦስተኛው። በዚህ ብቻ ከፍተኛው ጭነት በ20 ኪሎዋት ቢቀንስና ኩባንያዎ ለአንድ ኪሎዋት ዲማንድ 10 ዶላር ቢያስከፍል፣ በወር 200 ዶላር፣ በዓመት 2,400 ዶላር ነው። ታሪፉ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ የራስዎን ቁጥር ከቢሉ አውጥተው ያባዙ። ዲማንድ የሚል መስመር ቢልዎ ላይ ከሌለ ይህን ምክሬን ይተዉት።

አየር ማውጫውንም ይዩ። ከምጣዱ በላይ ያለው ማራገቢያ እንፋሎት ብቻ አይደለም የሚያወጣው። በክረምት በጋዝ ያሞቁትን፣ በበጋ በኤሲ ያቀዘቀዙትን አየርም ጠርጎ ያወጣል። ጋገራው አልቆ እንጀራው ሲታሸግ ማራገቢያው እየጮኸ ከሆነ ያጥፉት። እናቶቻችን አክንባሎ ሲከድኑ ስለ ሙቀት ብክነት ኮርስ አልወሰዱም፤ እርስዎም ምጣድ ሳይከደን ሲግል አይፍቀዱ።

ጥያቄ፦
ሰላም ኢንጂነር። ኮለምበስ ኦሃዮ 180 ሠራተኛ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሱፐርቫይዘር ነኝ። ማሽኖቹ ሌት ተቀን ነው የሚሠሩት። ስለ ነፃው ምርመራ ለአለቃዬ ነገርኩት። «መንግሥት በነፃ ምንም አይሰጥም፣ ዓይናቸውን ካስገባን ጣጣው አያልቅም» አለኝ። የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው ኦሻም፣ ግብር ሰብሳቢው አይአርኤስም ይመጡብናል ብሎ ይፈራል። እውነት ወጥመድ የለበትም? ምንስ ያገኙልናል?
ወንድምህ ከኮለምበስ

መልስ፦
ወንድሜ፣ የአለቃህ ፍርሃት ገብቶኛል። እኛም ካደግንበት አገር ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ክላሰር ይዞ በር ላይ ሲቆም ደስ አይለንም። ግን የሚመጡት ተቆጣጣሪዎች አይደሉም። አንድ ፕሮፌሰርና የደህንነት መነጽራቸው በየደቂቃው ከአፍንጫቸው የሚንሸራተት ተማሪዎች ናቸው። የሚያዩት ለኦሻ የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም፤ የሂሳብ መዝገባችሁንም አይከፍቱም። የሚጠይቁህ የ12 ወር የመብራትና የጋዝ ቢል ነው። ሪፖርቱ ለእናንተ ይሰጣል። ምክሮቹ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ በሚይዘው የመረጃ ቋት ውስጥ ይገባሉ፤ ነገር ግን ያለ ድርጅት ስም። «ፕላስቲክ አምራች፣ ይህን ያህል ሠራተኛ፣ ይህ ምክር ተሰጠ፣ ተተገበረ ወይም አልተተገበረም» ይላል። መረጃው ለሁሉም ክፍት ነው። ለአለቃህ እሱን ክፈትለትና የእናንተን የመሰሉ ፋብሪካዎች ምን እንደተነገራቸው አሳየው። ከእኔ ንግግር ይልቅ እሱ ያሳምነዋል።

ለምን በነፃ? የ1973ቱን የነዳጅ ማዕቀብ አለቃህ በዕድሜው ከደረሰበት ያስታውሰዋል። የአረብ አገሮች ነዳጅ ከለከሉ፣ ዋጋው ጣራ ነካ፣ አሜሪካኖች ለቤንዚን ተሰለፉ። ፕሮግራሙ የዚያ ድንጋጤ ልጅ ነው። የሚገርመው የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የተቋቋመው በ1977 ነው፤ ፕሮግራሙ በአንድ ዓመት ይቀድመዋል። ትልልቆቹ ድርጅቶች የራሳቸው ኢንጂነር ነበራቸው። ትንንሾቹ ግን እንኳን የኃይል ኢንጂነር አንድ ደህና ኤሌክትሪሺያንም አልነበራቸው። መንግሥት ከዚህ የሚያተርፈው ሁለት ነገር ነው። ፋብሪካው ብክነቱን ይቀንሳል፤ ተማሪው ደግሞ ገና ሳይመረቅ ቦይለር ቤት ገብቶ ወጥቶ ሙያ ይዞ ይወጣል። እስካሁን ከ20 ሺህ በላይ ፋብሪካ ተመርምሯል። እንደ እኔ ከሆነ ከሁለቱ ትርፍ ትልቁ ሁለተኛው ነው።

መስፈርቱን በአጭሩ፣ ከ500 በታች ሠራተኛ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች ዓመታዊ ሽያጭ፣ ቅድም ያልኩት የኢነርጂ ወጪ፣ እና በግቢው ውስጥ የራሱ የኢነርጂ ባለሙያ የሌለው ፋብሪካ። ከዩኒቨርሲቲው በ150 ማይል ርቀት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ለኮለምበስ ቅርብ የሆነው የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ከ1981 ጀምሮ በዚህ ሥራ የቆየ ነው። ቀድመህ ደውልና አሁንም እየሠሩ መሆናቸውን አረጋግጥ። ገንዘቡ ከዋሽንግተን የሚመጣ ስለሆነ አንዱ ማዕከል ይገባል፣ ሌላው ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው። ምን ያገኛሉ? የእናንተ ቤት ሌት ተቀን የሚሠራ ፕላስቲክ ቤት ከሆነ መጀመሪያ የሚያገኙት የታመቀ አየር ነው። በውርርድ እገባለሁ።

የታመቀ አየር በፋብሪካ ውስጥ ካሉት የኃይል ዓይነቶች ሁሉ ውዱ ነው። አየሩን የሚያምቀው ማሽን፣ ኮምፕረሰሩ፣ ከበላው መብራት ጠቃሚ ሥራ ሆኖ የሚወጣው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይበናል። ያም ሆኖ ሠራተኛው አየሩን እንደ ነፃ ነገር ነው የሚያየው። ወለል ይጠርግበታል። ልብሱን ያራግፍበታል። በሙቀት ቀን አንገቱ ላይ ይነፋበታል። የሚያፈተልከውስ? ክትትል በሌለበት ቤት ኮምፕረሰሩ ከሚያመርተው ከ20 እስከ 30 በመቶ በየመጋጠሚያው ማፍሰስ የተለመደ ነው። የሩብ ኢንች ቀዳዳ በ100 ፒኤስአይ ግፊት በደቂቃ 100 ኪዩቢክ ጫማ ያህል አየር ያወጣል። ያን ለመተካት ኮምፕረሰሩ 18 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በኪሎዋት ሰዓት 10 ሳንቲም ብናስብ፣ ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን ሲፈስ ከ15 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ውሃ ቢሆን ወለሉ ረጥቦ ሰው ይጮህ ነበር። አየር ግን አይታይም፤ ድምፁም በማሽን ጩኸት ይዋጣል። ተማሪዎቹ አልትራሳውንድ መሣሪያ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። ሽጉጥ የሚመስል ነገር ወደ ቧንቧው ያነጣጥራሉ፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ያደርጋሉ፣ የሚያፈሰው ቦታ ላይ ወረቀት ያንጠለጥላሉ። ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ሁሉ በወረቀት ተሞልቶ ስታይ ታፍራለህ።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ የመጣው ቡድን ያገኘውን ልንገርህ። ኮምፕረሰሩ በ120 ፒኤስአይ ይሠራ ነበር። ለምን ብለው ጠየቁ። ማንም በቀጥታ መልስ አልነበረውም። «ድሮም እንዲህ ነው» አልን። አንዲት ቀጭን ተማሪ ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ግፊት እየለካች ሄደች። መጨረሻ ላይ ያለ አንድ አሮጌ ማሽን ሲሊንደሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አየሩን አንዴ ጎርፎ ስለሚወስድ ግፊቱ እዚያ ይወርዳል። ለዚያ አንድ ማሽን ሲባል ሙሉ ፋብሪካው ከፍ ባለ ግፊት ይሠራል። ምክሯ ማሽኑ አጠገብ አነስተኛ የአየር ታንክ ይቀመጥ የሚል ነበር። ተቀመጠ። ግፊቱን ወደ 100 አወረድነው። በዚህ ደረጃ ግፊት በ2 ፒኤስአይ ሲወርድ የኮምፕረሰር ኃይል በ1 በመቶ ይቀንሳል ነው ሂሳቡ፤ ስለዚህ 10 በመቶ። ግፊት ሲወርድ በየቀዳዳው የሚፈሰውም ስለሚቀንስ ከዚያም ጨመር ይላል።

ሌላው የምታገኘው ዝርዝር የታወቀ ነው። ኤልኢዲ መብራት። የፕላስቲክ ማቅለጫው በርሜል ላይ የሙቀት መጠበቂያ ጃኬት። የፓምፕና የማራገቢያ ሞተር ላይ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ማለት ቪኤፍዲ። ማራገቢያ በ80 በመቶ ፍጥነት ሲሽከረከር የሚበላው ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ 51 በመቶ። ይህን ለአለቃህ ስትነግረው አያምንህም። ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ቢቀንስ እንዴት ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል ይልሃል። የማራገቢያ ሕግ ነው፤ ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ነው የሚቀንሰው። 0.8ን በ0.8፣ ያገኘኸውንም እንደገና በ0.8 አባዛውና አሳየው።

ሪፖርቱ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳችኋል። እያንዳንዱ ምክር ወጪው፣ ቁጠባው፣ ገንዘቡን በስንት ወር እንደሚመልስ ተሰልቶ ይመጣል። እና እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚበላሸው።

የዚህን ፕሮግራም መረጃ ያጠኑ ተመራማሪዎች ፋብሪካዎች ከተነገራቸው ምክር ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደሚተገብሩ አግኝተዋል። ነፃ ምርመራ፣ የተሰላ ትርፍ፣ ግማሹ ይቀራል። ደግሞ ገንዘቡን በአንድ ዓመት ከምናምን ውስጥ የማይመልስ ምክር ከሆነ አብዛኛው ሥራ አስኪያጅ ዞር ብሎ አያየውም። ያው ሰው ገንዘቡን በሁለት ዓመት የሚመልስ ትርፍ ባንክ ቢሰጠው ተሯሩጦ ይቀበል ነበር።

ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ቢሉን የሚከፍለው ሂሳብ ክፍሉ ነው፤ ኮምፕረሰሩን አያውቀውም። ኮምፕረሰሩን የሚያውቀው ጥገና ክፍሉ ነው፤ ቢሉን አይቶት አያውቅም። ምርት ክፍሉ የሚጠየቀው ስንት ዕቃ ወጣ ተብሎ ነው። ሪፖርቱ ሲመጣ ለሥራ አስኪያጁ ይሰጣል። እሱ «ጥሩ ነው» ብሎ መደርደሪያ ላይ ያደርገዋል። ሥራ አስኪያጁ ይቀየራል። እኔ በሌላ ፋብሪካ ስቀጠር እንዲህ ያለ ሪፖርት በመደርደሪያ ላይ አግኝቻለሁ፤ ገና ከፖስታው ሳይወጣ። ውስጡ የተጻፈው ፍሳሽ በዚያን ቀንም እየፈሰሰ ነበር።

ስለዚህ ከመደወልህ በፊት አለቃህን አንድ ነገር አስፈቅደው። ቢሉ በየወሩ ለአንተም ይምጣ። ሪፖርቱ ሲደርስ ደግሞ ከእያንዳንዱ ምክር ጎን የአንድ ሰው ስምና ቀን ጻፍ። «ጥገና ክፍል» ብለህ አትጻፍ፤ ክፍል ቁልፍ አያዞርም። ማዕከሉ ወራት ቆይቶ ምን ተገበራችሁ ብሎ ይደውላል። ያን ስልክ የምታነሳው አንተ ብትሆን ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦
ጋሼ እንዴት ነዎት? ደብረ ብርሃን አንድ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ውስጥ የምሠራ መካኒካል ኢንጂነር ነኝ፤ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ቦይለራችን በፈርነስ ኦይል፣ በወፍራሙ ነዳጅ፣ ይሠራል፤ ጭሱ ጥቁር ነው። ሥራ አስኪያጃችን ስለ ኃይል ቁጠባ ሲነሳ «እሱ የመንግሥት ጉዳይ ነው» ይላል። መንግሥት ጋ ስንጠይቅ ደግሞ ፋብሪካው ይጀምር ይሉናል። እኛ አገር እርስዎ የሚሉት ዓይነት ፕሮግራም አለ? ከሌለስ እኔ ከየት ልጀምር?
ልጅዎ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦
ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሕጉ አለ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ብቃትንና ቁጠባን የሚመለከተውን ሥራ ለኢነርጂ ባለሥልጣን ሰጥቶታል። ዛሬ ሥራው በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሥር ነው። በር ማንኳኳት ካለብሽ በሩ ያ ነው። ግን አንድ ቡድን መጥቶ ቦይለርሽን እስኪያይልሽ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ።

ሌሎቹ አገሮች ምን እንዳደረጉ ጥቂት ልንገርሽ፤ ለሥራ አስኪያጅሽም ትነግሪዋለሽ። ጃፓን ነዳጅ የላትም። ከሁለተኛው የነዳጅ ቀውስ ጋር በ1979 የኃይል ቁጠባ ሕግ አወጣች። ሕጉ በዓመት ከ1,500 ኪሎሊትር ድፍድፍ ነዳጅ ጋር የሚመጣጠን ኃይል የሚጠቀመውን ሁሉ ይይዛል። ኃላፊ የሆነ የኢነርጂ ሥራ አስኪያጅ ሹም፣ በየዓመቱ ሪፖርት አድርግ፣ ለአንድ ምርት የሚወጣውን ኃይል በአማካይ በዓመት 1 በመቶ ቀንስ ይለዋል። አንድ በመቶ! ትንሽ ይመስላል። ለአርባ ዓመት ሲጠራቀም ግን አስቢው።

ሕንድም በ2001 ባወጣችው ሕግ ብዙ ኃይል የሚበሉ ድርጅቶች ፈተና አልፎ የተመሰከረለት የኢነርጂ ማናጀር እንዲሾሙ ታዛለች። ከዚያ በ2012 «ፓት» የተባለውን ጀመረች። 478 ፋብሪካዎችና የኃይል ማመንጫዎች የየራሳቸው ግብ ተቆረጠላቸው። ከግቡ በላይ የቆጠበ የምስክር ወረቀት ያገኛል፣ ያልደረሰበት ደግሞ ከሱ ይገዛል። ከ478ቱ 90ዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ናቸው፣ የአንቺው ሙያ። በ2015 የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ቁጠባው 8.67 ሚሊዮን ቶን ነዳጅ ያህል ሆነ፤ የታቀደው 6.69 ገደማ ነበር።

አየሽ፣ አሜሪካ ምርመራ በነፃ ሰጠች። ጃፓንና ሕንድ ግን በእያንዳንዱ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ተጠያቂ ሰው እንዲቀመጥ አስገደዱ። እኔን ከሁለቱ ምረጥ ብትዪኝ ሰውየውን ነው የምመርጠው። ኢትዮጵያ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በጃፓኑ የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ፣ ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል ዘዴ የሆነው ካይዘን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሙከራ ፋብሪካዎች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። የካይዘን ቡድን እናንተ ጋ ካለ ዕቃ አደራደር ላይ ብቻ አታስቁሚው። የነዳጁን መዝገብ ለቡድኑ ስጪው። ሥራ አስኪያጅሽ «የመንግሥት ጉዳይ ነው» ሲል የነዳጁን ደረሰኝ አሳዪው። የተጻፈው በማን ስም ነው?

አሁን ወደ ጭሱ። ጥቁር ጭስ ማለት ሳይቃጠል የሚወጣ ነዳጅ ነው። ነዳጁን አድቅቆ የሚረጨው አቶማይዘር ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። ፈርነስ ኦይሉ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ወፍሮ እየተረጨ ሊሆን ይችላል፤ የናንተ አገር ብርድ ደግሞ ይታወቃል። ግን በሦስተኛ ደረጃ የማነሳው ነገር ከብዙ ሰው ዓይን ያመልጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በ2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ነዳጁን የሚያቃጥለው በርነር ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ፋብሪካ እንደሚሠራ ተስተካክሎ መጥቶ ከሆነ፣ ያው ማራገቢያ ያው ሽክርክሪት ይዞ ለነዳጁ የሚያደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። ውጤቱ ጥቁር ጭስ ነው። ሲገጠም ለከፍታው መስተካከሉን ከሰነዱ ፈልጊ። በርነሩን ግን በዓይንሽ እያየሽ አታስተካክዪ። የጭስ ጋዝ መለኪያ ያለው ባለሙያ ያምጡ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀልድ አያውቅም።

መለኪያ እስኪመጣ አንድ ቴርሞሜትር ይበቃሻል። የጭስ ማውጫው ላይ ይገጠም፤ ብዙ ቦይለር ላይ አስቀድሞም አለ፣ የሚያነበው የለም እንጂ። ቦይለሩ ተጠርጎ በወጣ ማግስት፣ በተለመደው ጭነት ላይ ሙቀቱን መዝግቢ። ከዚያ በየፈረቃው። ጥላሸት በቧንቧዎቹ ላይ ሲጋገር ሙቀቱ ወደ ውሃው መግባት ያቅተውና በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የጭሱ ሙቀት በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የነዳጁ 1 በመቶ ገደማ ሰማይ ላይ ይወጣል። መዝገቡ 40 ዲግሪ ከጨመረ ለሥራ አስኪያጁ «ይጠረግ» አትበዪው። በወር ስንት ሊትር እንደሚያወጣ አስልተሽ በብር ንገሪው።

በደብዳቤሽ ጥግ ላይ የጻፍሻት አንዲት ነገር ከሁሉ በላይ አስደንግጣኛለች። ከማድረቂያ ሲሊንደሮቹ የሚወጣው ኮንደንሴት፣ ማለት እንፋሎቱ ሙቀቱን ሰጥቶ የሆነው ትኩስ ውሃ፣ ወደ ቦይ ይፈሳል ብለሻል። ያ ውሃ ተጣርቶ፣ ታክሞ፣ ሞቆ የተገኘ ውሃ ነው። የቦይለር መግቢያ ውሃ በ6 ዲግሪ ሲሞቅ የነዳጅ ፍጆታ በ1 በመቶ ይቀንሳል። የደብረ ብርሃን ውሃ በ15 ዲግሪ ገብቶ ኮንደንሴቱ ተመልሶ ቢደባለቅና 45 ቢደርስ 5 በመቶ ነው፤ 75 ቢደርስ 10 በመቶ። ቧንቧ፣ ታንክ፣ ፓምፕ፣ ጥቂት የቧንቧ ልባስ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ታንኩን ከፓምፑ ከፍ አድርጊው፤ አለዚያ ፓምፑ እንፋሎት እየጎረሰ ይንገጫገጫል። እንፋሎት በቀጥታ የቀለም ውሃ ውስጥ ከሚገባበት ጋን ግን ምንም አትመልሺ፤ እንዳይበከል ደግሞ በጥቅልል ቧንቧ የሚያሞቁትን ጋኖች አስቀድመሽ ፈትሺ፣ የተሸነቆረ ጥቅልል ቀለሙን ቦይለር ውስጥ ይዞ ይገባል። ኮንደንሴቱን እያሳለፉ እንፋሎቱን የሚያግዱትን ስቲም ትራፖችም አንድ በአንድ ቁጥር ስጪያቸው። ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ያልታየ ቤት ውስጥ ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ተበላሽተው እንፋሎቱን ዝም ብለው ያሳልፋሉ።

የሲሊንደሮቹን ብዛትና የትራፖቹን ዓይነት ጽፈሽ ብትልኪልኝ የመመለሻ ቧንቧውን ስፋት አብረን እናሰላዋለን።